ጄኔሬተሩን ሊያይ የመጣው ሰው

የጀልባዋ ምግብ አብሳይ ሰውየውን ገና መሰላሉን ሲወርድ አልወደደችውም። የሞተር ክፍሉ እሳት ሆኖ ሳለ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጄኔሬተሩ ሸክም ከሌለበት ደህና ይሠራል፤ ምድጃና ማቀዝቀዣ ሲጨመርበት ግን ያቃስታል፣ መብራቱም ይደክማል። ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት መላ ሊገኝለት ይገባል።

ሰውየው የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ መዳፉን በሞተሩ ላይ አሳረፈ።

«ምድጃውን አብሪው፣ እህቴ።»

ወጥታ አብርታው ተመለሰች። ሞተሩ አቃሰተ፤ ክፍሉ ደንገዝገዝ አለ። ሰውየው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሁላችሁም አላችሁ?» አለ።

«እኔና እርስዎ ብቻ ነን፣ ጋሼ» አለችው።

እሱ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን ጥሎ ቆየ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የነዳጅ ማጣሪያውን ሲፈታው ጥቁር ዝቃጭ ሞልቶታል።

«ሥራ ሲበዛባት ነዳጁ አይደርሳትም። ታፍና ነው» አለ፤ ወደ ብረት በሩም ቀና ብሎ፣ «ሰውም በር ሲዘጋበት እንዲሁ ነው።»

ማጣሪያው ተቀይሮ ሞተሩ ሲነሣ፣ ምድጃውም ማቀዝቀዣውም እየሠሩ መብራቱ ፍንክች አላለም።

«እጅዎ ይባረክ» አለችና ተከትላው ወጣች። የክፍሉን የብረት በር ልትዘጋ ስትል እጇን ያዛት። በዚያ ሁሉ ሙቀት መዳፉ በረዶ ነበር።

«ተይው፣ እህቴ። ወንድሜ ገና አልወጣም።»

ታች ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ሰውየው ከሄደ፣ ጀልባዋም ከተነሣች በኋላ እንኳ እሷ በሩን አልዘጋችውም።