«ሞተር ይዤ እመጣለሁ»

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ የፎገራ ሜዳ ግማሹ ውሃ በሆነበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ እናቶችን አዋልጃለሁ፤ ብዙ ደስታም አይቻለሁ። ይህኛው ግን ከልቤ አልወጣም። ያን ቀን ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ አንዱን ሳላውቅ፣ ሁለተኛውን እያወቅሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። ሥራ ደርሶኝ ወደ ወረታ ስመጣ ቋንቋ ያስቸግረኛል ብዬ አላሰብኩም፤ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። እዚህ ስደርስ ግን የአንዳንዱ ነገር ስም ሌላ ሆኖ አገኘሁት። መናኸሪያ ላይ «ዶልፊን» ብዬ ስጠይቅ ረዳቱ «አባዱላ ማለትሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸው የት እንዳለ ስጠይቃቸው «መኪና ላይ ነው» አሉኝ፤ ሹፌር መስሎኝ ነበር። ለካስ ልጁ ሩዝ ሊያስፈትግ ማሽን ቤት መሄዱ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያስቀኝ ነበር። ሰው ይጎዳበታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ እንየው የሚባል ገበሬ ደወለልኝ። ሚስቱን ትርንጎን አውቃታለሁ፤ የእርግዝና ክትትሏን የምታደርገው እኔ ዘንድ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቤታቸው ከቁሐር ሚካኤል አልፎ ወደ ሐይቁ በሚጠጋ ጎጥ ውስጥ ነው። ምጧ ከጀመራት መቆየቱን፣ አሁን እየደከመች መሆኗን ነገረኝ። ድምፁ ይቆራረጣል። በዚያ ሰሞን መብራት ከጠፋ ቀናት አልፈው ስለነበር የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ መሆኑንም ነገረኝ።

አምቡላንሱ ወደ እነሱ እንደማይገባ ሁለታችንም እናውቃለን። በክረምት ዋልካው መኪና ይውጣል። ስለዚህ ስልኩ ሳይዘጋ ልጨርስ ብዬ ተቻኮልኩ።

«በቃሬዛ ተሸክማችሁ ወደ ዳር አውጧት» አልኩት። «እኔ ሞተር ይዤ እመጣለሁ። እዚያው ዳር ላይ ጠብቁኝ።»

«ሞተር ይመጣል?» አለ። ድምፁ ቀለል ሲለው ተሰማኝ።

«አዎ፣ አሁኑኑ» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

የጤና ጣቢያችንን ሞተር ሳይክል የሚነዳው ደሴ የሚባል የወረታ ልጅ ነው። የማዋለጃ ቦርሳዬን አንግቤ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀን ተነጋገርን። እኛ የጠጠሩን መንገድ ይዘን እስከ መጨረሻው ገባን። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ የሩዝ ማሳና ውሃ ብቻ ነው።

ማንም አልነበረም። ተሸክመው እስኪደርሱ ጊዜ ይፈጅባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የእንየው ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ደሴ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ማሳው ገባ፤ ጭቃው ከጉልበቱ በላይ ሲሆንበት ተመለሰ። እኔ ቦርሳዬ ላይ ተቀምጬ ሜዳውን አያለሁ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ቤት ውስጥ ሊያዋልዷት ወስነው ነው፣ እኔን በከንቱ አመላለሱኝ ብዬ በልቤ አማኋቸው።

አንድ ሰዓት ሲሞላ ከማሳው በኩል አንዲት ሴት ብቅ አሉ። ሁለት እንስራና ጥቂት ድስት በገመድ አስረው ተሸክመዋል። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው ይጠጋል። ሸክላ ሠሪ እንደሆኑ ያስታውቃሉ። ስማቸው እትዬ ላቀች መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በሐይቁ ዳር ላሉት ጎጦች ሸክላ ሊያደርሱ ሄደው፣ ያልተወሰደላቸውን ይዘው መመለሳቸው ነበር።

በቃሬዛ ሰው የተሸከሙ ሰዎች አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አይቻለሁ» አሉ። «ውሃው ዳር ቁጭ ብለዋል። ሞተር እየጠበቅን ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ሞተሩ እኮ ይኸው፤ እኛ ነን» አልኳቸው።

ሞተር ሳይክሉን አዩት፤ መልሰው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ ብለሽ ነው የላክሽባቸው? ይቺን እዚህ ዶቅዶቄ ነው የምንላት። ሞተር ማለት ውሃ ላይ የሚሄደው ነው። ሰዎቹ ጀልባ ነው የሚጠብቁት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጎርፉ ጎጡን ሲከበው በሐይቁ በኩል መጥቶ ሰው ያወጣው ባለሞተር ጀልባ ነው። «ሞተር» ስላቸው እሱ ታያቸው። «ዳር» ስላቸው የውሃው ዳር ሆነላቸው። እኔ የመንገዱን ዳር ማለቴ ነበር። ደሴ አንገቱን ደፋ። የከተማ ልጅ ስለሆነ እሱም የሚነዳትን ሞተር ነው የሚላት፤ በስልክ ያልኩትን ቢሰማም ላያስተውለው ይችል ነበር።

እትዬ ላቀች ሸክማቸውን አውርደው ከመንገዱ ዳር አስቀመጡ። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብለው በራሳቸው ላይ አደረጉት። ደሴ ሞተሩ ዘንድ ቀረ።

«እኔ የረገጥኩትን እየረገጥሽ ተከተይኝ» አሉኝ።

በማሳዎቹ መካከል የነበረው ድንበር በውሃው ተሸፍኗል፤ እሳቸው ግን በእግራቸው እየዳሰሱ ያገኙታል። አንዳንድ ቦታ ውሃው ወገቤ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ሁለት ጊዜም ክንዴን ይዘው አነሱኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አልደርስም ነበር።

ስንደርስ ቃሬዛው ከፍ ያለ ሣር ላይ ተቀምጧል። እንየው ከራስጌ በኩል ተንበርክኮ የሚስቱን እጅ ይዟል። ተሸክመው የመጡት ጎረቤቶች ራቅ ብለው ወደ ሐይቁ ያያሉ። የእንየው እናት እማማ ጠጄ «ማርያም ማርያም» እያሉ ወገቧን ያሻሉ። ትርንጎ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራትም።

እማማ ጠጄ ቀና ሲሉ መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን እትዬ ላቀችን ነው። ወዲያው ነጠላቸውን አውልቀው የምራታቸውን ፊት ሸፈኑ።

«አንቺ ራቅ በይ» አሏቸው።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። እዚህም ሆነ በሌላ አገር ሸክላ የሚሠሩትን፣ ብረት የሚቀጠቅጡትን ሰዎች ዓይናቸው ክፉ ነው የሚል ብዙ ነው። በእንስራቸው ውሃ ይቀዳል፣ በድስታቸው ወጥ ይሠራል። ወላድ አጠገብ ግን አያስጠጓቸውም። እትዬ ላቀች አልተከራከሩም። ቦርሳውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ፊታቸውንም ወደ ውሃው አዙረው ቆሙ።

ሕፃኑ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ወንድ ነበር። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። አላለቀሰም። አፉንና አፍንጫውን ጠርጌ፣ የትንፋሽ መስጫውን ጭንብል ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ ላይ አድርጌ ትንፋሽ ሰጠሁት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚተነፍሰው ግን እሱ አልነበረም፤ እኔ ነኝ። የልቡን ምት ደጋግሜ አዳመጥኩ። ማቆም እንዳለብኝ ካወቅሁ በኋላም ቀጥዬ ነበር።

ያቆምኩት ትርንጎ መድማት ስለጀመረች ነው። መርፌ ወጋኋት፤ ሆዷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ደሙ እስኪቀንስ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። ቀነሰ። ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠየቀችኝ። እንየው ጋቢውን አውልቆ ሕፃኑን ጠቀለለው።

መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ጠጄ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ዓይን ነው» አሉ። «እሷን ምን አመጣት?»

ሁሉም ወደ እትዬ ላቀች ዞረው አዩ። እንየው ግን እኔን ነው ያየኝ። «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር ነገርኩት። ይህ እውነት ነው። ግን ግማሹ እውነት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሌላ ቦታ ተቀምጬ እንደነበር፣ ያስቀመጠኝም የገዛ ቃሌ መሆኑን፣ እኚያ ሴት ባይደርሱልኝ ትርንጎም እንደማትተርፍ አልተናገርኩም። ፈራሁ። እጄ በደም ተነክሮ፣ በማላውቀው ሰው መሐል፣ ሕፃኑ ጋቢ ውስጥ ተኝቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት አቃተኝ።

እትዬ ላቀች ፊታቸውን መለስ አድርገው አዩኝ። የምናገረውን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ዝም ስል በመጣንበት መንገድ ተመልሰው ሄዱ።

ትርንጎን ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አወጧት። ከጠጠሩ መንገድ ስንደርስ እንስራዎቹ በቦታቸው የሉም፤ ወስደዋቸዋል። ደሴ ሊያናግራቸው ቢሞክር መልስ እንዳልሰጡት ነገረኝ። ትርንጎ ወረታ ታክማ ዳነች።

በጥቅምት ወር ልትታይ መጣች። ከሰውነቷ ይልቅ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። በአካባቢው የእትዬ ላቀች ዓይን ሕፃኑን በላው ተብሎ ተወርቷል። ከእሳቸው የተገዛውን ድስት የሰበሩ ቤቶች አሉ። በገበያ ቀን እሳቸው አጠገብ የሚቆም የለም፤ ሸክላቸውን አዝለው ወስደው አዝለው ይመለሳሉ። ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱም ሴቶች ይበተናሉ። ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። «እሳቸው ናቸው መንገድ የመሩሽ፤ አይቻለሁ። ግን እኔን ማን ይሰማኛል?» አለችኝ።

የቤተሰቡን የንስሐ አባት ፈልጌ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሸክሙን እሳቸው ላይ አራግፌ የምገላገል መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ለእኔ መንገርሽ መልካም ነው» አሉ። «የሐሰቱን ወሬ የሰማው ግን ሕዝቡ ነው።»

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቄሱ «ይህች ልጅ የምትለው አላት» ብለው አስነሱኝ። በስልክ ምን እንዳልኩ፣ የት እንደጠበቅሁ፣ ማን እንዳደረሰኝ በተራ ተናገርኩ። ያን ቀን ዝም ማለቴንም ተናገርኩ። ከሴቶቹ መሐል ሳግ ሰማሁ፤ ትርንጎ ነበረች።

እማማ ጠጄ ከተቀመጡበት ሳይነሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ቀድመሽ ብትደርሺ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። «ሊተርፍ ይችል ነበር።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝም አይፈረድባቸውም። እሳቸው ግን፣ «እኔም ያላየሁትን አወራሁ» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንየው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እሱም «ሞተር» ስለው የትኛውን ብሎ አለመጠየቁ ሲቆጨው እንደነበር ነገረኝ። ጥፋቱን ሊካፈለኝ መፈለጉ ከእርግማን ይበልጥ ከበደኝ።

በማግሥቱ እትዬ ላቀች ቤት ሄድኩ። ያልደረቀ ገንቦ በለስላሳ ድንጋይ ያሻሉ። የተናገርኩት ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ቢሆንም ፊታቸው ቆሜ እንደገና ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

«ያን ቀን ብትናገሪው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር» አሉኝ።

ቀጥለው በርጩማ ሳቡልኝና ተቀመጥኩ።

አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ሰው ሲደውልልኝ የምልከውን በስሙ ብቻ አልጠራም፤ በየብስ ይምጣ በውሃ፣ እነሱ ከየት በኩል እንደቆሙና ምን እንደሚታያቸው ሳልጠይቅ ስልክ አልዘጋም። ትርንጎ ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያችን ውስጥ ሴት ልጅ ወልዳለች። አንዳንዱ ሰው ከእትዬ ላቀች መግዛት ጀምሯል፤ አንዳንዱ ዛሬም ይሸሻቸዋል፤ ወሬ በወጣበት ፍጥነት አይመለስም። እሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ዲላ ዘመዶቼም ይጠይቁኛል።

ቃሉን ስለተሳሳትኩ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ባለማወቅ ነው። ስለ ዝምታዬ ግን እሳቸው ካሉት የተለየ የምለው የለኝም።