ሽማግሌዎቹ ቆመው የሰሙት ታሪክ

በደመወዝ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሠራተኛ እንጂ ወላጅ አይባልም። ወይዘሮ ደስታነሽ ዕድሜያቸውን የፈጁበት የወልድያው የሕፃናት ማሳደጊያ በዚህ ፍርድ ሲመራ ኖሯል።

ማሳደጊያው በድርቁ ዘመን በድንኳን ተጀመረ፤ ቀጥሎ ረጅም አዳራሽ ተሠራለት፤ በኋላም በራቸው ላይ «ቤተሰብ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ትናንሽ ቤቶች መጡ። ቤተሰብ እንዳይፈጠር ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ ነበር። ልጆች ከአንዲት ሞግዚት ጋር ከተላመዱ ይጎዳሉ ተብሎ ሞግዚቶቹ በየዓመቱ ከቤት ቤት ይዛወራሉ። ወይዘሮ ደስታነሽ በተዛወሩ ቁጥር ትዝታ የምትባል ሕፃን አንሶላዋን እየጎተተች ትከተላቸዋለች፤ እሳቸውም መመሪያ አክባሪ ነበሩና እጇን ይዘው ይመልሷታል። ለዚህም በስብሰባ ፊት ተመስግነዋል።

በመጨረሻ ልጆች በቤተሰብ ውስጥ ማደግ እንዳለባቸው ተደረሰበትና ማሳደጊያው ተዘጋ። የቀሩት ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙላትና የአሳዳጊ ኮሚቴው ናቸው፤ የሚያሳድጉት ግን የለም።

ባለፈው ጥር፣ አድጋ በሲሪንቃ ሥራ ለያዘችው ትዝታ በላይ የሚባል የመርሳ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ማን ይቀበል?

«እትዬ ደስታነሽ» አለች ትዝታ።

«ተቋሙ እያለ?» አሉ አቶ ሙላት።

ኮሚቴው ባነር አሠራ፤ ማይክሮፎን ተከራየ፤ ወይዘሮ ደስታነሽን ወጥ ቤት መደበ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት የበላይ አባት ጎረቤት ሸህ ሙሐመድዘይን ነበሩ። በወጉ፣ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አቶ ሙላት ይህን ዘንግተው የተቋሙን ታሪክ ከድንኳኑ ጀምረው ያነብቡ ጀመር። ንባቡ አዳራሹ የተሠራበት ዘመን ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ በየዱላቸው ላይ ተደግፈው ነበር።

«ጌታው፣ ቤቶቹ ተሠርተው እስኪያልቁ ቆመን መጠበቃችን ነው?» አሉ ሸሁ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን።»

አቶ ሙላት ወደ ወረቀታቸው ተመለሱና፣ «ተቋሙን በመጀመሪያ የመሩት ሥራ አስኪያጅ…» ብለው ጀመሩ።

«እኛ ቢሮ ልናገባ አልመጣንም። ያሳደጋት ሰው የለም?» አሉ ሸሁ።

ትዝታ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ወይዘሮ ደስታነሽን እጃቸውን ይዛ።

«አንቱ ምኗ ነዎት?» አሉ ሸሁ።

«ሞግዚቷ ነበርሁ። የወለዷትን አላውቅም።»

«የማይታወቀውን አላህ ያውቀዋል። የሚታወቀውን ይቁጠሩልን።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን እያሉ የራሳቸውን ዘር እስከ ሰባተኛው ቆጠሩላት። ከበላይ ወገን ጋር የሚገናኝ አልተገኘም። አቶ ሙላት፣ የቀድሞ ሠራተኛ የዘር ሐረግ ለተቋሙ ልጅ ሊያገለግል መቻሉ በኮሚቴ መታየት አለበት አሉ።

«ይታይ እንጂ። እኛ እስከዚያው እንቀመጥ» አሉ ሸሁ። «እትዬ፣ ሰጡን ወይ?»

በወጉ የመጀመሪያው መልስ ለሌላ ቀን መቅጠር ነበር።

«ስትመለስ መኖሯ ይበቃታል» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ወንበሩ ለኮሚቴውና ለእንግዶች ብቻ የመጣ ስለነበር ወይዘሮ ደስታነሽ ቆመው ቀሩ። ሕፃኗን በየጊዜው መመለሳቸው ጥፋት ነበር፤ በዚህ መመስገናቸው ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ የሰባቱ ቤት ቆጠራም ይህን አይሽርም። ለትዝታ ይገባት የነበረው አንዲት የማትዛወር እናት ነበረች።