የሴቶቹ በር

ሚስከር አውቶቡስን ከማየቷ በፊት ትሰማዋለች። ጅዳ ውስጥ፣ በበግዳዲያ ሰፈር፣ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትሠራበት ቤት ወጥ ቤት መስኮቱ ወደ ትልቁ መንገድ ስለሚያይ፣ ሳህን እያጠበች የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ ትለየዋለች። ይሄ የከተማው ነው፣ ይሄ የተማሪዎች ነው፣ ይሄ ደግሞ የዑምራ ሰዎችን ጭኖ ወደ መካ የሚወጣው፣ ፍሬኑ የሚያለቅሰው አሮጌ ነው ትላለች ለራሷ። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ብዙ ጊዜ አትሳሳትም።

ይህ ነገር የመጣባት ከአባቷ ነው። አባቷ አብዱልሃሚድ ከወሎ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ፣ ዕድሜውን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነበር። ኮልፌ ከቤታቸው ደጅ አብረው ቆመው ገና መኪናው ሳይታይ፣ "ሚሱ፣ የሚመጣው ዳፍ ነው መርሰዲስ?" ይላታል። ካወቀች ትከሻው ላይ ያወጣታል፤ ካላወቀችም ያወጣታል። እሱ ካረፈ በኋላ ነበር ታናናሾቿን ለማስተማር ወደ ጅዳ የመጣችው። አባቷ የሠራባቸው ዳፎችም ከመንገድ እየወጡ፣ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት አዳዲሶቹ ሲተኩ፣ እህቷ ፎቶ እያነሳች ትልክላት ነበር። ሌሎቹ የቤት ሠራተኞች የሠርግና የልጅ ፎቶ በስልካቸው ሲያሳዩ፣ ሚስከር ቀይና ቢጫ አውቶቡስ ታሳይ ነበርና መሳቂያ ሆነች።

ከጋሼ ጣሃ ጋር የተዋወቁት የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በእረፍት ቀኗ በጁምዓ፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ነው። በለድ ከሚባለው የድሮው ገበያ አጠገብ ካለ ፌርማታ ቆማ ከመታጠፊያው ወዲያ ድምፅ ሰማች።

"አሮጌው ነው የሚመጣው" አለች በአማርኛ፣ ለራሷ። "ማርሹ ሊሞት ደርሷል።"

"ማርሹ አይደለም እታለም" አለ አንድ ድምፅ ከጎኗ። "ዲፈረንሻሉ ነው።"

ዘወር ስትል ጥፍራቸው በግሪስ የጠቆረ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ቆመዋል። አውቶቡሱ ታጥፎ ብቅ አለ። እውነትም አሮጌው ነበር፤ የሚያጓራውም ከኋላው ነበር።

"እርስዎ በምን አወቁ?" አለቻቸው።

"እኔማ ስፈታውና ስገጥመው ነው የሸበትኩት። ይልቅ አንቺ በምን አወቅሽ?"

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም ሳይሳፈሩ ቀሩ። ቀጣዩም መጥቶ ሄደ።

ጋሼ ጣሃ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ጅዳ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። በወጣትነታቸው በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው፣ ያኔ ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ካለ ወርክሾፕ ሞተር ያድሱ ነበር። ሰቢል በሚባለው ሰፈር በተከራዩአት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የአውቶቡስ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ሰቢል ካለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። መካ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው፣ ጅዳ ተወልዶ ያደገው የሐበሻ ልጅ ሙራድም ፈረቃ በማይኖረው ጊዜ ይመጣ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚስከር ሦስተኛቸው ሆነች። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወለላ "የአውቶቡሱ መጅሊስ ተሰበሰበ" እያለች ሻይ ታቀርብላቸው ነበር።

ክርክራቸው አያልቅም ነበር። "የድሮ ሞተር ሲያመው ይነግርሃል" ይላሉ ጋሼ ጣሃ። "ያስላል፣ ያጨሳል። የዛሬው ኮምፒውተር ካልተሰካለት ትንፍሽ አይልም።"

"ወላሂ ጋሼ፣ የዛሬው ኤሲ አለው!" ይላል ሙራድ። "በእናንተ ጊዜ ሰዉ ተቀቅሎ ነበር የሚወርደው። የእኔን ባለ ሁለት ክፍል ተቀጣጣይ አውቶቡስ ይንዱትና ከዚያ ያወራሉ።"

አንድ ጊዜ ጋሼ ጣሃ በሐጅ ሰሞን ጣራ የሌለው አውቶቡስ እንዳለ ሲናገሩ ሚስከር አላመነችም። የሐጅ ልብሳቸውን ኢሕራም ለብሰው ከጥላ በታች መሄድ የማይፈቅዱ ሑጃጆች ስላሉ ለእነሱ ሲባል ጣራው ይነሳል አሏት። ፎቶ አምጥተው እስኪያሳዩአት ድረስ ሲስቁባት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጋሼ ጣሃ ስለ ሌላ ነገር አወሩላት። እሳቸው ጋራዥ በሚሠሩበት ዘመን የጅዳ አውቶቡስ መሐሉ በግድግዳ የተከፈለ ነበር፤ ወንዶች በፊት፣ ሴቶች በኋላው በር ነበር የሚሳፈሩት። ግድግዳውን በብሎን የሚያስሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ሚስከር ቤት ስትመለስ ይህን ለአሠሪዋ ነገረቻቸው።

አሠሪዋ ማማ ፈውዚያ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሞተዋል። የድሮ አስተማሪ ናቸው። ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር የትም አልሄዱም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፣ ያዩትን ቢጠየቁ አያስታውሱም። ሚስከር ስለ ኋላው በር ስታነሳ ግን ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

"ማን ነገረሽ?"

"የሀገሬ ሰው ናቸው፣ መካኒክ። ግድግዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላሉ።"

"እኔ በዚያ በር አሥራ አንድ ዓመት ተሳፍሬአለሁ" አሉ ማማ ፈውዚያ። "ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር። ሞተሩ ከእግራችን ሥር ነው፣ ይጠብሰናል። ግድግዳው ስለሚጋርደን የሚመጣውን መንገድ አናይም። በግራ መታጠፉን፣ በቀኝ መታጠፉን በሰውነታችን እንቆጥር ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ሽታ ሲመጣ ደግሞ ደርሰናል ማለት ነው።" ከዚያ "ሰውዬውን ጠይቂልኝ" አሉ። "ለመውረድ የምንጫነው ደወል ለምን ነበር ሁልጊዜ የማይሠራው?"

ሚስከር በሚቀጥለው ጁምዓ ጠየቀች። ጋሼ ጣሃ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ልጆቻቸው እየተጫወቱበት ሽቦውን ይበጥሱት ነበር በያቸው። በሳምንት ሁለቴ ነበር የምቀጥለው።"

"ውሸቱን ነው!" አሉ ማማ ፈውዚያ መልእክቱ ሲደርሳቸው። ማታ እራት ላይ ግን ሳይጠየቁ፣ "ከሊልን ይዤው እሄድ ነበር። እጁ አያርፍም ነበር" አሉ። ከሊል የበኩር ልጃቸው ነው፤ አሁን የሚስከር ከፊል፣ በሕግ ተጠያቂ የሆነላት ዋስ አሠሪዋ፣ እሱ ነው።

እንዲህ እየተባለ መልእክቱ ተመላለሰ። ማማ ፈውዚያ የመቀመጫውን ጨርቅ ቀለም ያነሳሉ፤ ጋሼ ጣሃ አይደለም ብለው ሌላ ቀለም ይልካሉ። ሚስከር የሁለት ሰው ክርክር ተሸክማ ከበግዳዲያ ሰቢል፣ ከሰቢል ወደ በግዳዲያ ስትመላለስ ስድስት ወር ሆናት። በዚህ መሐል ማማ ፈውዚያ ምግብ በደንብ መብላት ጀመሩ፤ በኮሪደሩ ያለ ሰው ድጋፍ መሄድም ጀመሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ "ውሰጂኝ" አሏት።

"የት ማማ?"

"በአውቶቡስ። መካ፣ ዑምራ።"

ሚስከር ልቧ ዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ቢወድቁስ? የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ያለው በልጃቸው እጅ ነው። ሳትደብቅ ለከሊል ነገረችው።

"እናቴ በአውቶቡስ?" አለ ከሊል። "በር ላይ ሁለት መኪና ቆሞ? ኸላስ፣ ይሄ ወሬ እዚህ ያብቃ።"

እሷም አበቃች። ማማ ፈውዚያ ግን አላበቁም። በዚያው ማታ ልጃቸውን ስልክ ደውለው ጠሩትና ሳሎን አስቀመጡት። ሚስከር ውሃ ይዛ ስትገባ የሚሉትን ሰማች። "አንተን ያስተማርኩህ በዚያ አውቶቡስ ተመላልሼ ነው። ያኔ ያፈረብኝ ሰው አልነበረም። አሁን ምን ተገኘና ነው የምታፍርብኝ?"

ከሊል መሬት መሬት አየ። እያፈረ ሳይሆን እየፈራ እንደነበር ከፊቱ ያስታውቃል። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ግን እኔ በመኪናዬ ከኋላ እከተላለሁ" አለ።

ጉዞው የሆነው በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ሰዉ ከመስጊድ ከተበተነ በኋላ ነው። ጋሼ ጣሃ ኢሕራማቸውን ለብሰው፣ ጥፍራቸውን በሎሚ ፈትገው ጣቢያው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ስድስት ወር በሚስከር አፍ ሲከራከሩ የኖሩ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

"ደወሉን የምትጠግነው አንተ ነህ?" አሉ ማማ ፈውዚያ።

"እኔ ነኝ ሐጃ።"

"አልተጠገነም ነበር።"

ሚስከር ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ደበቀችው።

አውቶቡሱ ከጅዳ ሲወጣ የከሊል ትልቅ ነጭ መኪና ከኋላ ከኋላ ይከተል ነበር። ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይሄዳል። ማማ ፈውዚያ በየጊዜው ዘወር እያሉ በእጃቸው ምልክት ያሳዩታል። መካ ሲቃረቡ ግን መንገዱ ተጨናነቀ፤ ነጩ መኪና ከሌሎቹ መሐል ጠፋ።

መካ ከደረሱ በኋላ ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረም፣ የሚወስዳቸው የሙራድ አውቶቡስ ነበር፤ ሰዓቱን አስቀድሞ ነግሯቸው ጠብቀዋል። ያ ረጅም ተቀጣጣይ መጥቶ ሲቆም፣ ማማ ፈውዚያ የፊቱን በር አልፈው ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ ወደ ኋላ ሄዱ። ማንም አልነገራቸውም፤ እግራቸው ራሱ ነው የወሰዳቸው። ከኋላው በር ፊት ደርሰው ቆሙ።

"ማማ" አለች ሚስከር እጃቸውን ይዛ፣ "አሁን እኮ በፊትም ይቻላል።"

አሮጊቷ የኋላውን በር አዩ፣ የፊቱን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱ። ሙራድ ከመሪው ሆኖ አያቸውና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። አውቶቡሱ እፍፍ ብሎ ተነፈሰና በበሩ በኩል ዝቅ አለ፤ ደረጃው ከአስፋልቱ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው።

"ለእኔ ነው ጎንበስ ያለው?" አሉ ማማ ፈውዚያ።

"ለእርስዎ ነው ሐጃ፣ ይግቡ" አለ ሙራድ። ጋሼ ጣሃን ደግሞ በአማርኛ፣ "የድሮው እንዲህ ያደርግ ነበር ጋሼ?" አላቸው። ጋሼ ጣሃ ያን ቀን አልተከራከሩም።

ማማ ፈውዚያ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። ከፊታቸው መስታወት ብቻ ነው። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ድልድዩ፣ ዋሻው፣ ድንጋያማው ተራራ፣ በመንገድ ዳር የሚጎርፈው ሕዝብ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ "መታጠፊያውን ከመታጠፋችን በፊት አየሁት" አሉ። ሚስከር አጠገባቸው ተቀምጣ ስለ አባቷ አሰበች። እሱ በሥራ ላይ ሳለ እንዲህ በፊተኛው ወንበር ነበር የሚያስቀምጣት፤ እሷ ይህ ለሰው ሁሉ የተፈቀደ ነገር ይመስላት ነበር። በዚያን ቀን ካዕባን እየዞረች ጠዋፍ ስታደርግ ለእሱ የለመነችው ከወትሮው ረዘመ።

ከሊል ያገኛቸው ዑምራቸውን ጨርሰው አደባባዩ ላይ ዘምዘም ሲጠጡ ነው። ልብሱ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ወደ ሐረም የሚያስገባው መንገድ ለግል መኪና ተዘግቶ ነበርና፣ መኪናውን ርቆ አቁሞ፣ ቆሞ ተጋፍቶ የመጣው በአውቶቡስ ነው።

እናቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ "ደወሉን አልነካህም አይደል?" አሉት። ከሊል ምን ማለታቸው እንደሆነ እስኪገባው ሦስቱም ይስቁበት ነበር። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎም የእናቱን ግንባር ሳመ።

ከዚያ ወዲህ ማማ ፈውዚያ በወር አንዴ በአውቶቡስ ይወጣሉ። አንዳንዴ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ አንዳንዴ ወደ በለድ ነው። ልጃቸው መከተሉን ትቷል፤ ሰዓቱን ብቻ ይጠይቃል። ለሚስከርም የእረፍት ቀኗን ከግማሽ ወደ ሙሉ አደረገላት። ይህን ያደረገው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

ጋሼ ጣሃ ባለፈው ዓመት የመጨረሻ መውጫ ቪዛቸውን፣ ኹሩጃቸውን፣ አስመትተው ኮምቦልቻ ገቡ። የግድግዳቸውን ፎቶ አንድ በአንድ ልጠው፣ ግማሹን ለሙራድ፣ ግማሹን ለሚስከር ሰጡ። ሴት ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት፣ የልጅ ልጆች አሏቸው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሁሉ ሰላም ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯቸዋል።

"ልጄ፣ እዚህ የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ" አሏት በቀደም ደውለው። "ሰዉ የሚያወራው ስለ ባጃጅ ብቻ ነው። ለመሆኑ ሐጃ እንዴት ናቸው?"

ሚስከር የታጠበ ልብስ ይዛ ነበር። ስልኩን ለማማ ፈውዚያ ሰጠቻቸውና ወደ ሰገነት ወጣች። ልብሱን አስጥታ፣ የደረቀውን ሰብስባ፣ አጣጥፋ ስትመለስ ሁለቱ በዐረብኛ ገና እየተጯጯሁ ነበር። ስልኩን ሲመልሱላት ስለ የትኛው አውቶቡስ እንደተጣሉ ጠየቀቻቸው።

"ስለ ዝናብ ነው" አሏት ማማ ፈውዚያ። "ይህ ሰውዬ ጅዳ ውስጥ ዘንቦ አያውቅም ይለኛል።"