ክዳኑን የያዝኩበት ፋሲካ

ዲላ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ መካኒኩ የአሮጌ መኪናዬን የኋላ ክዳን ደግፈው የሚይዙትን ያለቀላቸው የጋዝ ዘንጎች ሲቀይር፣ ጥሬ ቆዳ የጫነ መኪና አጠገባችን ቆመ። ሽታው አቅለሸለሸኝ።

የቆዳ ነጋዴው አጎቴ መኪና ክዳንም አልቆም ይል ነበር። በልጅነቴ አንድ ፋሲካ፣ ከየቤቱ የለቀመውን የበግ ቆዳ ሲጭን ክዳኑን በሁለት እጄ ደግፌ ቆምኩ። ከቆዳው የሚንጠባጠበው ደም አዲሱን ቀሚሴን ነካው፤ ዝንቦቹ ከንፈሬ ላይ አረፉ።

«ጋሼ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!»

«ዋጪው! ከለቀቅሽው አንገቴ ላይ ነው የሚወርደው» አለኝ፣ ክዳኑ ስር እንዳጎነበሰ።

ዋጥኩት።

ጭኖ ሲጨርስ በዚያው በጨቀየ እጁ ጉንጬን ዳበሰኝና «የኔ ጎበዝ፣ አንቺ እያለሽልኝ ምን ዘንግ ያስፈልገኛል?» አለኝ።

መካኒኩ እጁን ሲያነሳ ክዳኑ ብቻውን ቆመ። «እዪው፣ እህቴ!» አለኝ። እኔ ጉንጬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነበር።