በመርከቧ በር ላይ የነበረው እጅ

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን ሲግናል አካባቢ፣ ሰው ፍላሹን ይዞ እየመጣ ፊልም በሚያስጭንበት ጠባብ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ደንበኛ ሲያናግረኝ አንገቴን ደፍቼ ኮምፒውተሩን አያለሁ። ጠንቅቄ አውቃለሁ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ አንድ የድሮ የጠፈር ተከታታይ ፊልም። ልጅ ሆኜ ካራ ሰፈር፣ ጎረቤታችን ቤት፣ ከነአማርኛ ትርጉሙ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ተርጓሚው አንድ ሰው ነበር፤ የሴቱንም፣ የወንዱንም፣ የሮቦቱንም ብቻውን ይናገራል። በረዶ የሞላበት ፕላኔት ላይ ሲያርፉ «ወይ ብርድ! እንጦጦ ይሻላል» ያሰኛቸው ነበር።

ዘንድሮ ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። የጠፈር መርከቧም ተቀየረች። ከዚያ ወዲህ ሱቃችን የክርክር ቤት ሆነ። ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሁለት ናቸው፤ ከመሪ ሰፈር የሚመጣ የባንክ ሠራተኛና የመገናኛ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር።

«መርከቧን አጥበው የሙሽራ መኪና አደረጓት እኮ!» ይላል ሹፌሩ። «የድሮዋ እንደኔዋ ሚኒባስ ነበረች። በሯ በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም።»

«አንተ ቆርቆሮ ትወዳለህ። ይኼኛው ዲዛይን ሪያሊስቲክ ነው።»

«ጠፈር ሄደህ ታውቃለህ፣ ሪያሊስቲክ የምትለው?»

እኔ ፊልም እየጫንኩ እሰማለሁ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ክንፍና ስለ መብራት ነው። የድሮዋ መርከብ በር ላይ ግን ቀለሙ የተላጠ አንድ ቦታ ነበር። አብራሪዋ ከመነሳቷ በፊት እጇን እዚያ ታሳርፋለች። ተርጓሚውም «ይህ የእናቴ እጅ ነው፤ ስትሸኘኝ የነካችው» ይላል። በአዲሱ ፊልም በሩ መስታወት ይመስላል። ይህን ማንም አያነሳም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አመለጠኝ። «እጁስ? የእናቷን እጅ እንዳጠፉት አላያችሁም?»

ሁለቱም ዞሩ። «የምን እጅ? የምን እናት?» አለ የባንኩ ሰው።

ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ የድሮውን በእንግሊዝኛ ከፈተ። አብራሪዋ መጣች፣ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች፣ ገባች። አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ተርጓሚው ፈጥሮት ነው እኮ! አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት አምነሽው ኖርሽ?» ከት ብሎ ሳቀ። ሹፌሩም፣ ወገኔ ነው የምለው ሰው፣ «ውይ እህቴ፣ ተሸወድሽ!» ብሎ አብሮ ሳቀ።

ያን ሳምንት ያልተናደድኩበት ሰው የለም። ተርጓሚውን ባገኘው እሰድበው ነበር። ዝም ላለች ሴት እሱን ማን ተናገርላት አለው? አውቃለሁ የምለው ያው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም የሌላ ሰው ፈጠራ ሆኖ ተገኘ። ሱቁ ባዶ ሲሆን እንግሊዝኛውን እየከፈትኩ አየሁ። እጇን የምታሳርፈው አንዴ ብቻ አይደለም፤ በየክፍሉ፣ ሁልጊዜ እዚያው የተላጠው ቦታ ላይ ነው። ምን እንደምታስብ አላውቅም። ተርጓሚውም አያውቅም፤ ግን ቢያንስ አይቷታል።

በሳምንቱ የባንኩ ሰው ጓደኛውን ይዞ መጣ። «ያልኩህ እሷ ናት፤ የመርከቧን እናት የምታውቀው» አለው፣ በአገጩ እኔን እያሳየ። ማውሱን ለቀቅኩ።

«የድሮውን ስንት ጊዜ አይተኸዋል?» አልኩት የባንኩን ሰው። ቀና ብዬ ነበር።

«ኧረ ከልጅነቴ ጀምሮ! ያውም በእንግሊዝኛ።»

«እና እጇን በሩ ላይ ስታሳርፍ አንድም ቀን አላየህም። እኔ ነኝ ያሳየሁህ።»

ጓደኛው ወደ እሱ ዞረ። በሩ ላይ የቆመው ሹፌር «እውነቷን ነው፣ እኔም አላየሁም» አለ። ድጋፉን አልፈለግኩትም፤ አብሮ ስቆብኛል።

«ቀልድ እኮ ነው» አለ የባንኩ ሰው።

«አይደለም» አልኩ። «አዲሱን ልታስጭን ነው አይደል የመጣኸው?»

ፍላሹን ሰጠኝ። ጫንኩለት፤ እጅ የሌለበትን።