ቨርሊን የባሏ ጆሮ የሆነችበት በጋ

ያ በጋ ቅዳሜዎቹ የረዘሙበት በጋ ነበር። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ የቆርቆሮ ጣሪያውን ያንጣጣዋል፣ የትምባሆው ቅጠል እርሻው ላይ ይዝለፈለፋል፣ ውሾቹ በረንዳ ስር ገብተው ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ። ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ካለው የመኪና ውድድር ሜዳ የመጀመሪያው መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ ግን የሮኪ ፎርክ መንደር ሰው ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በእግር በኩል ይመጣና ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሴቱ መጥበሻውን ከእሳት ያወርዳል፣ ወንዱ ኮፍያውን ይፈልጋል፣ የፒክአፕ በር ሲዘጋ ከቤት ቤት ይሰማል። ደስታ እንዲያ ቅርብ የነበረበት ጊዜ ነው ለካ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

ቨርሊን ሳይዝሞር ያን በጋ ሞተሩ ሲነሳ የምታየው ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ባሏ ነበር። ኦርቢ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ቀና አይልም። ድሮ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ «ይሄ ተርማን ነው፤ ካርቡሬተሩን አጥቦታል» ይል የነበረ ሰው፣ አሁን ዝም ብሎ የጫማውን ጫፍ ያያል። እሷ ትከሻውን ስትነካው ነው ጊዜው መድረሱን የሚያውቀው።

ጆሮውን ግማሹን የሽመናው ክፍል ነው የበላው፣ ግማሹን ውድድሩ። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔዎች ነበሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲመቱ፣ ሰው ጓደኛው ጆሮ ላይ አፉን ደቅኖ ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሸማኔ በከንፈርና በእጅ ነው የሚያወራው። መዳፍ ወደ አገጭ ከሄደ አለቃው እየመጣ ነው። ሁለት ጣት ከተሻሸ ክር ተበጥሷል። የቀረውን ሁሉ፣ ሐሜቱን፣ ቀልዱን፣ የማን ልጅ ታመመ፣ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለውን፣ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈርን ብቻ በደንብ እያንቀሳቀሱ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይጨዋወቱታል። ኦርቢም ያጫት እንዲሁ ነው። ከስድስት ማሽን ማዶ ቆሞ «ታገቢኛለሽ?» አላት። እሷ ክር እየቀጠለች ነበርና ቀና ስትል፣ መላው ክፍል ከእሷ በፊት አንብቦት፣ ሁሉም እጁን አቁሞ መልሷን ይጠብቃል። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ምን ትበል? እሺ አለች።

ይህ ነገር ለውድድሩም በጅቷቸዋል። መኪኖቹ ተንጋግተው ሲያልፉ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ እንደ ድንጋይ ሲቀመጥ፣ እነሱ ሁለቱ የጣውላው መቀመጫ ላይ ሆነው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። በተለይ ስድባቸውን። ኦርቢ የሼቭሮሌት ሰው ነው፣ ቨርሊን የፎርድ። የእሱ ሹፌር ተርማን ጌል ነበር፤ ጎማ ጠጋኝ፣ ዝምተኛ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ስምንት ቁጥር መኪና የሚነዳ። የእሷ ደግሞ ኪፕ ላዊንግ፤ ወጣት፣ ቀይ ፊት፣ ያገኘውን ሁሉ የሚገጭ። ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ ሰው ሁሉ በጥላቻ «ኡኡ» ይልበታል፤ ያኔ ቨርሊን ብቻዋን ብድግ ብላ ታጨበጭባለች።

ዓርብ፣ ገና ልምምዱ ሳይጀመር፣ እራት ላይ ይጀምሩታል።

«ያ ያንቺ ዱርዬ ነገ ስንት ሰው ሊገጭ አስቧል?»

«ያንተ ሽማግሌ መንገዱን ቢለቅለት ማንንም አይገጭ።»

«ተርማን እኮ ቀስ የሚለው በትህትና ነው።»

«እግዜር ይስጠው! የሬሳ መኪና ይንዳ ታዲያ፣ እዚያ ትህትና ይፈለጋል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኦርቢ ቦታ ለመያዝ ብርድ ልብሱን ይዞ ሄዶ አራተኛው ረድፍ ላይ ያነጥፋል። የተነጠፈ ብርድ ልብስ ማንም አይነካም፤ ዘራፊም ቢሆን አይነካም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማን እንዳሸነፈ ከዝማሬያቸው ይታወቃል። ኪፕ ካሸነፈ ቨርሊን ጣሪያውን እስክትነቀንቀው ድረስ ትዘምራለች፤ ኦርቢ መዝሙሩን ይዞ ዝም ይላል። ፓስተሩ ራሱ አንድ ቀን «እህት ቨርሊን፣ ይህ ምስጋና ለጌታ ነው ወይስ ለፎርድ?» ብሎ ሰው ሁሉ ስቋል።

በኋላ ትንንሾቹ ሬዲዮዎች መጡ። ሹፌሩ ከመካኒኮቹ ጋር የሚያወራውን የሚይዙ ናቸው፤ የራስህን ሰው መስመር ትመርጥና ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ። ኦርቢ ያቺን ሬዲዮ እንደ ልጅ ነበር የሚይዛት። ተርማን «ጎማው ከዳኝ» ሲል የእሱ ፊት ይጨማደዳል፤ ተርማን «ደህና ናት፣ ተዋት» ሲል ሻዩን ይጎነጫል።

ያ በጋ ከመግባቱ በፊት፣ ፀደይ ላይ፣ ቨርሊን አንድ ነገር አየች። ኦርቢ የጆሮ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚነቀንቀው ግን ተርማን በማያወራበት ሰዓት ነው። እንዳወቀች አላሳየችውም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያም ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣

«ለአንዱ ስጪው» አላት። ድምፁ ከፍ ብሏል፤ ራሱን ስለማይሰማ መጮህ ጀምሯል።

«ተርማን ገና እየነዳ?»

ከንፈሯን አነበበ። «ተርማን እስከነዳ ድረስ እሄዳለሁ። እሱን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። እሱ ያቆመ ቀን ግን እኔም አበቃሁ፤ ከዚያ ወዲያ ውድድር እንዳትዪኝ።»

ቨርሊን ይህን ቃል ፈራችው። ኦርቢ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እያነሰ የሄደ ሰው ነው። ጸጉር አስተካካዩ ቤት መሄድ ትቷል፣ ሰው ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ ስለማያውቅ። ቤተ ክርስቲያንም አንድ እሑድ ይሄዳል፣ ሁለት ይቀራል። ጢሙን የሚላጨው ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜም ከሄደች ምን ይቀረዋል? ያ ወንበር ነው የሚቀረው። ወንበሩ ደግሞ ሰው ይውጣል፤ አባቷን ሲውጥ አይታለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሷን ሬዲዮ ከኪፕ መስመር አንስታ ተርማን ላይ አደረገችው። ተርማን ያለውን ሁሉ ሰምታ በእጇ ለኦርቢ ታቀብላለች። መዳፏን ዘርግታ ካረጋጋችው ጎማው ደህና ነው። ክንዷን ወደ ውጭ ካወዛወዘች የመኪናዋ ኋላ ይንሸራተታል። እንደ ድሮው እንደ ፋብሪካው ነው፤ ኦርቢ ገብቶት ፊቱ በራ። የእሷ ኪፕ ግን ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ምን እንደሚሳደብ ሳትሰማ ትቀራለች።

ከኋላቸው የምትቀመጠው ዴልፊያ፣ እዚያው ፋብሪካ አብራቸው የሠራች፣ ለተንኮል የማትሰንፍ ሴት፣ ይህን አይታ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«ምነው ቨርሊን፣ ለሼቭሮሌት አደርሽ እንዴ?»

«ዝም በይ ዴልፊያ። ያዋስኩት ጆሮዬን ነው እንጂ ልቤን አይደለም።»

«ተይ እንጂ! ኪፕ ቢሰማ ተሰቅሎ ይሞታል።»

«ኦቾሎኒሽን ብይ።»

እንዲህ እያሉ ነሐሴ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ቢጫ ባንዲራ ወጣ፤ ሁሉም ቀስ ብለው ተሰልፈው መዞር ጀመሩ። ኪፕ ፊት ነው፣ ተርማን መካከል ላይ። ባለ ሬዲዮው ሁሉ ፊት ያሉትን ነው የሚያዳምጠው፤ ለአሮጌው ተርማን ጆሮ የሰጠ ከቨርሊን ሌላ አልነበረም። ተርማን ዋናው መካኒክ ለሆነው አማቹ እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«የዛሬው መጨረሻዬ ነው። እጄ ደንዝዟል፤ መሪው አይሰማኝም። በሰላም ልጨርሳትና ይብቃኝ። እስከ ሰኞ ለማንም እንዳትናገር፣ ሰው እንዲያለቅስብኝ አልፈልግም።»

የቨርሊን እጅ አየር ላይ ቀረ። ኦርቢ ዞሮ አያት፤ ቅንድቡን አነሳ። ምን አለ?

አሁን ብነግረው፣ ብላ አሰበች፣ ይህ የመጨረሻ ቅዳሜዬ ነው። የእሱም ነው። መዳፏን ዘረጋችና አረጋጋችው፦ ጎማው ደህና ነው። ክንዷን ትንሽ አወዛወዘች፦ ኋላዋ ጥቂት ይንሸራተታል። እጇ ሌላ ምንም አላለም።

ኦርቢ ዓይኑን ሳይነቅል ብዙ አያት። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ። መኪኖቹ እንደገና ሲለቀቁ ብድግ አለ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ደረቱ ላይ ያዘው። እንዲያ ቆሞ ቀረ። ስምንት ቁጥር ባለፈ ቁጥር አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

«ኧረ ቁጭ በል ኦርቢ፣ ግድግዳ ሆንክብን!» አለች ዴልፊያ። እሱ ምኑን ሰምቶ!

«ሙቀቱ ነው» አለች ቨርሊን። የእውነትም ሙቀቱ መስሏት ነበር። የወረቀት ማራገቢያዋን አንስታ አራገበችለት።

ውድድሩን የሚያበቃው ባለ ዳማው ባንዲራ ሲውለበለብ ኪፕ አሸንፏል። እሷ ያወቀችው ሰው ሁሉ «ኡኡ» ሲል ነው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኪፕ ማጨብጨብ ረሳች።

ሰኞ ወሬው ሮኪ ፎርክን አዳረሰ። ተርማን ጌል አቆመ፣ መኪናዋንም ለሽያጭ አቅርቧል። ቨርሊን እስከ ረቡዕ ኦርቢን ከሰው ስትጋርድ ሰነበተች። ጎረቤት ሲመጣ እሷ ቀድማ ወጥታ ደጅ ላይ ትሸኛለች። ዳቦ ቤት ልሂድ ሲል «እኔ እሄዳለሁ» ትላለች። ሐሙስ ግን ከሰው አፍ ሰምቶ፣ ይቅርታ፣ ከሰው አፍ አንብቦ ከሚያውቅ እኔው ልንገረው ብላ ቆረጠች። በረንዳው ላይ ፎሶሊያ እየቀነጠቡ ሳለ ሳህኑን አስቀምጣ ጉልበቱን ነካችው።

«ኦርቢ፣ ስለ ተርማን…»

«አውቃለሁ» አለ፣ መንገዱ ላይ እስኪሰማ ድረስ። «ቅዳሜ ነግረሽኛል።»

«እኔ? እኔ ምንም አልነገርኩህም!»

«እጅሽ ስለ ጎማ ያወራል። ከንፈርሽ ተርማን ያለውን ቃል በቃል ይደግማል።»

ቨርሊን አፏን በእጇ ያዘች። የሸማኔ ነገር ነው። ዕድሜውን በማሽን ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው የሰማውን በከንፈሩ ሳይደግመው አይቀርም፤ ዝማሬ ሲያዳምጥም ይደግማል፣ ስብከትም ይደግማል፣ ራሱን አያውቀውም። ይህን ደግሞ ኦርቢ ሊስተው አይችልም። ያን ሁሉ ዘመን ከከንፈሯ ላይ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ስትዋሺ ፊትሽ ያምራል። ላቋርጥሽ አልፈለግኩም።»

ሳቀች፣ ዓይኗን በሽርጧ ጠራረገች፣ ከዚያ የፈራችውን ጠየቀች። «ቅዳሜስ?»

ኦርቢ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለ። ፎሶሊያ ቀነጠበ። ቀንጥቦ ጨረሰና የቨርሊንንም ሳህን ወስዶ ቀነጠበ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብሱ ከመሳቢያው አልወጣም። ቨርሊንም አላነሳችውም። አልለምነውም ብላለች፤ በልመና የሚሄድ ሰው እዚያም ደርሶ እዚያ የለም። ለውድድሩ የምትይዘውን የሞርታዴላ ሥጋም አልጠበሰችም። ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ቁጭ ብላ ከወንዙ ማዶ የመጀመሪያው ሞተር ሲነሳ ሰማች። ሁለተኛው ተነሳ። ሦስተኛው የኪፕ ነው፤ ታውቀዋለች፣ እንደ ጌታው ያናፋል።

ኦርቢ በሩ ላይ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ችኮላው አገጩን ቧጥጦታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ቦታችንን ሊይዙብን ነው እኮ!»

«አበቃሁ ብለህ አልነበር?»

«ተርማንን ማየት አበቃሁ።»

«እና ለማን ልትጮህ ነው? ለኪፕ?»

«ኪፕን ጅብ ይብላው። ለማንም አልጮህም። አንቺን ነው የማየው። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኔ ስምንት ቁጥር ላይ ተተክሎ፣ ከጎኔ ምን ስትሆኚ እንደነበር አላየሁም።»

አራተኛው ረድፍ ተይዞ ስለነበር ያን ቀን ላይኛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቨርሊን ሬዲዮዋን ወደ ኪፕ መስመር መለሰች። ኦርቢ ግማሽ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ በጎኑ ወደ እሷ ተቀመጠ። ኪፕ ሲሳደብ እሷ ሳታውቀው ከንፈሯ ይሳደባል፤ ኦርቢ በሳቅ ይፈርሳል። ኪፕ ሲጠብቅ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ኦርቢም ይይዛል። ሌላ መኪና ሲጠጋው ሁለት እጇ የሌለ መሪ ያዞራል። መጨረሻ ላይ ኪፕ ተገጭቶ ግድግዳ ሲነካ ብድግ ብላ የኦርቢን ክንድ ቆነጠጠችው።

«አየኸው? ያ ሰማያዊው መኪና ነው! ያ እባብ ሰማያዊው ነው!»

«አየሁት!» አለ ኦርቢ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መንገዱ ሳይዞር። «አንቺ ላይ አየሁት!»

ዴልፊያ ከታች ቀና ብላ፣ «ኦርቢ፣ ውድድሩ በዚህ በኩል ነው!» ብላ ጮኸች። በእጇም አሳየችው። እሱም በሸማኔ ከንፈር፣ ያለ ድምፅ፣ መልስ ሰጣት። ምን እንዳለ እዚህ አይጻፍም፤ ዴልፊያ ግን ፊቷ ቀልቶ ወደ መንገዱ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ኦርቢ የኖረበት ቅዳሜ ሁሉ እንዲያ ነበር። ሳምባው ከተያዘ ወዲያ እንኳ፣ ውድድር ባለበት ቀን ትራስ ተይዞለት ይሄድ ነበር። የሞተው በክረምት፣ ሜዳው በረዶ ለብሶ ሳለ ነው።

ቨርሊን ሁለት በጋ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ ቤቱን ሸጣ ዳንቪል ከተማ እህቷ ልጅ ዘንድ ገባች። እስከሚታወቀው ድረስ፣ እዚያ ከድሮዎቹ የትምባሆ መጋዘኖች ጀርባ ባለ የጡብ ቤት ውስጥ፣ መኪና ሲያልፍ በሚሰማባት መንገድ ዳር ባለች ክፍል ትኖራለች።