ግማሹ ዲስክ

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና ቢሮዎቹን ሲያደራጅ ነው። ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። ከነቀምት የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ አብረን እንከራይ ስትለኝ ደስ አለኝ። ቤቱንም፣ በጋራ የገዛነውን አሮጌ ኮምፒውተርም ተካፈልን።

እኔ ከዊንዶውስ ሌላ አላውቅም። እሷ ደግሞ ሊኑክስ ካልሆነ አትነካም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍላ ለየራሳችን ፎርማት አደረገችው።

«የኔ ያንቺን ያነባል፤ ያንቺ ግን የኔን አያይም» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነበር። በእኔ በኩል ሲከፈት የእሷ ግማሽ ጭራሽ የለም።

በኋላ ወደ ማንቡክ ተዛወረች። ኮምፒውተሩን ለእኔ ተወችው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትደውል ነበር፤ እያደር ጠፋች። የእኔ ግማሽ ሲሞላ ራሴ ደወልኩ።

«ያንቺን ላጥፋው?»

«እስካሁን አላጠፋሽውም እንዴ? የምፈልገውን ይዣለሁ እኮ።»

ክፉ አልተናገረችም። እኔን ግን ከፋኝ።

ማታውኑ አጠፋሁትና በዊንዶውስ ፎርማት አደረግኩት። በማግስቱ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ማስነሻው ፕሮግራም የተቀመጠው ለካ በእሷ በኩል ነበር። ስልክ ያለው ቢሮ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልዬ እዚያ ወሰድኩትና ከቢሮው ስክሪን ጋር አገናኝቼ ደወልኩላት።

«አታልቅሺ፤ ፋይልሽ አልጠፋም። የዊንዶውሱን ሲዲ አስገቢ። ጥገና የሚለውን ምረጪ። አሁን የምነግርሽን ጻፊ።»

ትእዛዙን ፊደል በፊደል ነገረችኝ። መስመሩ ሲቆራረጥ እንደገና እደውላለሁ። ሲዲው እየተንቋቋ እስኪያነብ፣ ስለ አከራያችን ጠየቀችኝ፤ ማንቡክ ሙቀቱ እንዳስቸገራት፣ እጮኛ እንደያዘች ነገረችኝ። ያን ያህል ካወራን ወራት ሆኖን ነበር። ሲዲው ባይፈጥን ብዬ ተመኘሁ።

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«ጎሽ! በይ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ቻው።»

ስልኩን ዘግቼ ሲፒዩውን መልሼ በነጠላው ጠቀለልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የቢሮው ዘበኛ፣ አማርኛ ብዙም የማይሆንላቸው የበርታ ሽማግሌ፣ በበሩ ብቅ አሉ።

«ብዙ አወራሽ ዛሬ። እህትሽ ነው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ሲፒዩውን እስከ አስፋልቱ ተሸከሙልኝ። ከዚያ ወዲህ እሷም አልደወለች፣ እኔም የምደውልበት ምክንያት አጣሁ።